ልጃችሁ ለጂሲኤስኢ ሥዕል መረጠ? እንግዲያው ይህን ያዙ

በአንድ የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍል ቴክኒሺያን ነኝ። መምህር አይደለሁም። ወረቀት እቆርጣለሁ፣ ብሩሽ አጥባለሁ፣ የሸክላ ምድጃውን አበራለሁ፣ ቀለም ሲያልቅ አዝዛለሁ። የተማሪው ሥራ ሲደረደርና ሲታረም ግን እዚያው ነኝ። የቱ ነጥብ እንዳገኘ፣ የቱ እንዳላገኘና ለምን እንደሆነ በየዓመቱ አያለሁ። ይህን የሰሙ ሐበሻ ወላጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ። ግማሾቹ «ልጄ ሥዕል ካልተማርኩ ብላለች፤ ምን ልበላት?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ከመረጠ ቆይቷል፤ አሁን መምህሩ ወደኋላ ቀርቷል ብሎ ደብዳቤ ላከብን፤ ምን ይሻላል?» ይላሉ።

ለሁለቱም የምመልሰውን እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። ከአዲስ አበባም ይሁን ከካርቱም በቅርቡ መጥታችሁ፣ በአሥራ አራት በአሥራ አምስት ዓመታችሁ እዚህ ክፍል የገባችሁ ልጆችም አንብቡት። እንዲያውም ከወላጆቻችሁ ይልቅ የሚጠቅመው ለእናንተ ነው። ጂሲኤስኢ ማለት ልጆች ዪር 11 መጨረሻ ላይ፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሚፈተኑት ፈተና ነው። የማወራው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው። ስኮትላንድ ያላችሁ ሥርዓታችሁ ሌላ ነው።

ክርክሩን እንጨርስ

ምርጫው ዪር 8 ወይም ዪር 9 ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ግዴታ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ልጁ ይመርጣል። ቤት ውስጥ ጦርነት የሚነሳው ያኔ ነው። «ሥዕል ምን ያበላል?» የሚለው ጥያቄ ከእኛው ጋር አብሮ ሂትሮው ያረፈ ይመስለኛል።

ይህን ለሚጠይቁኝ አባቶች አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደዚህ አገር ሲላኩ የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። ወደ ሥዕል ዞሩ። እዚሁ ለንደን፣ ስሌድ በሚባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ። በኋላ አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ልጃችሁ አፈወርቅን ይሆናል እያልኩ አይደለም። የመንግሥት ዕቅድ ያልመለሰውን ልጅ የእናንተ ቁጣ ይመልሰዋል ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ደግሞ አንድ ጂሲኤስኢ የልጁን ዕድሜ ልክ አይወስንም። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ሳይንሱን በርትቶ ከያዘ ሥዕል አያግደውም። አርክቴክቸር የሚያስብ ከሆነ ደግሞ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ማኅደር፣ ማለትም ፖርትፎሊዮ፣ ይጠይቃሉ። ያኔ ሥዕል የተማረው ልጅ ይቀድማል። ግራፊክስ፣ ፋሽን፣ አኒሜሽን፣ የቪዲዮ ጌም፣ ሁሉም ከዚህ ክፍል ነው የሚነሱት።

አንድ ነገር ግን ልጁን እንቅጩን ንገሩት። «ቀላል ነው፤ እረፍት አገኝበታለሁ» ብሎ የመረጠ ከሆነ አሁኑኑ ይተወው። ከሁሉም የትምህርት ዓይነት ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚበላው ሥዕል ነው። የፈተና ሰሞን ብቻ አጥንቶ የሚያልፉት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ይሠራል።

ነጥቡ የት ነው ያለው?

ወላጆች የማያውቁት፣ ልጆችም ቢነገራቸው የማያምኑት ይህን ነው። የጽሑፍ ፈተና የለም። ውጤቱ በሁለት ይከፈላል። 60 በመቶው ፖርትፎሊዮ ነው። ከዪር 10 ጀምሮ ክፍልና ቤት የተሠራው ሥራ ማለት ነው። 40 በመቶው ደግሞ ፈታኙ ድርጅት በሚሰጠው ርዕስ የሚሠራ ሥራ ነው፤ መጨረሻው በጠቅላላ 10 ሰዓት የሚፈጅ ፈተና ነው። ፈታኙ ድርጅት ኤኪውኤም ይሁን ኤድኤክሴል ወይም ኦሲአር፣ ክፍፍሉ ያው ነው።

አሁን ኤኪውኤን እንውሰድ። ፖርትፎሊዮው ከ96 ይታረማል። 96ቱ ለአራት እኩል ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ 24። አንደኛው፣ ከሌሎች ሠዓሊዎችና ከልዩ ልዩ ምንጮች ተነስቶ ሐሳብን ማሳደግ። ሁለተኛው፣ በተለያየ ቁሳቁስ መሞከርና ማሻሻል። ሦስተኛው፣ ያዩትንና ያሰቡትን መመዝገብ፤ በእርሳስም ይሁን በፎቶ ወይም በማስታወሻ። አራተኛው፣ የመጨረሻው ሥራ። መምህራኑ ኤኦ 1፣ ኤኦ 2 እያሉ ይጠሯቸዋል። የክፍሉ ግድግዳ ላይም ተለጥፈው ታገኟቸዋላችሁ።

እስቲ አስሉት። የመጨረሻው ሥዕል እጅ የሚያስቆረጥም ቢሆን ከ96 የሚያመጣው 24 ነው። የቀረው 72 ነጥብ ያለው ወደዚያ ሥዕል በተሄደበት መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ነው እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ ባዶ ስኬችቡክ (የሥዕል ደብተር) ይዞ ከ1 እስከ 9 ባለው ደረጃ 4 ሲያገኝ የማየው። ሰው ስትስል እጅና እግር የሚጠፋባት ልጅ ደግሞ ሙከራዎቿን አንድም ሳታስቀር ለጥፋ 7 ይዛ ትወጣለች። ወላጅ ይህን ሲያይ «አድልዎ ነው» ይላል። አይደለም። የተጻፈው ሕግ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ «ልጄ ተሰጥኦ የለውም» የሚለውን ተዉት። ጥያቄው «ልጄ በየሳምንቱ ይቀመጣል ወይ?» ነው።

ስኬችቡኩ

ብዙ ትምህርት ቤት ኤ4 ወይም ኤ3 ስኬችቡክ ይሰጣል። ከእሱ ላይ ገጽ አይቀደድም። የተበላሸ ሥዕል ከተቀደደ ማስረጃው አብሮ ሄደ። የተበላሸው ገጽ ይቀመጥ፤ አጠገቡ «እዚህ ላይ ጥላው በጣም ጠቆረ፤ ቀጥዬ በቀጭኑ እሞክራለሁ» ተብሎ ይጻፍ፤ ቀጣዩ ገጽ ላይ ይሞከር። አሁን ሁለቱ ገጾች ነጥብ ይዘዋል።

ሁለተኛ፣ ከስልክ ሳይሆን ከፊት ለፊት ካለ ዕቃ ይሳል። ጉግል ላይ «ጀበና» ብሎ ፈልጎ መገልበጥ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ይወልዳል። የእኛ ልጆች ደግሞ ጀበና ይወዳሉ፤ በየዓመቱ አንድ ሁለቱ ይመጡልኛል። ጀበና አትሳሉ አልልም። የቤታችሁን ጀበና ሳሉ ነው የምለው። አንገቱ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረውን። አፉ አካባቢ ቡና ፈስሶ የደረቀበትን። ውታፉ ሣር የሆነውን፣ ወይም እዚህ አገር ሣሩ ጠፍቶ በናፕኪን የተወተፈውን። ናፕኪኑን ያየ አራሚ ይህን ዕቃ አንድ ሰው ተቀምጦ እንዳየው ወዲያው ያውቃል።

ገጹን ቡና ነክሮ ማወየብም አለ። እንግሊዞቹ በሻይ ያደርጉታል። የድሮ ብራና እንዲመስል ነው። ከጀበናው ሥራ ጋር ግንኙነት ካለው ጥሩ። ከሌለው ገጹን ማቆሸሽ ብቻ ነው። ቡናን እንደ ቀለም መጠቀም ግን ሌላ ነገር ነው። በረካው ቀጭን፣ አተላው ወፍራም ጥቁር ቡኒ ይሰጣል፤ በአንድ ጀበና አራት አምስት ደረጃ ጥላ ይወጣል። ይህን መሞከርና መጻፍ ኤኦ 2 ነው።

አንድ መሶብ እስከ መጨረሻው

አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ላሳያችሁ። የእህቴ ልጅ ነው። ዪር 10 ሳለ የተሰጠው ርዕስ «ፓተርን» የሚል ነበር። ምን እንደሚሠራ ጨነቀው። እናቱ ቤት ደግሞ መሶብ አለ። እንደማንኛውም የለንደን መሶብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል። አውርደነው ክዳኑን መስኮት አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥነው።

መጀመሪያ የሳለው ቀይና አረንጓዴ የአልማዝ ቅርጾች ነበሩ። ጠፍጣፋ፣ በማስመሪያ የተሰመሩ። «መሶቡን አይደለም የሳልከው፣ በጭንቅላትህ ያለውን መሶብ ነው» አልኩት። ከመሃል እንዲጀምር ነገርኩት። መሃሉ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለች። ከእሷ ተነስቶ አንድ ቀጭን የሣር ገመድ እየዞረ፣ እየዞረ እስከ ጠርዙ ይሄዳል። መሶብ ማለት አንድ የተጠቀለለ ገመድ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ቀለሙ ያለው ገመዱን በሸፈነው ስፌት ላይ ነው። እያንዳንዷ ስፌት ትንሽ ዘንበል ትላለች። ስለዚህ የአልማዙ ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር ሊሆን አይችልም። ቀረብ ብለው ሲያዩት ደረጃ ደረጃ ነው። ልጁ ይህን ሲያይ «ፒክስል ነው!» አለ። ይቺን ቃል ስኬችቡኩ ላይ አስጻፍኩት። የእሱ ሐሳብ ናት፣ ከማንም አልተገለበጠችም።

ከዚያ በ2ቢ እርሳስ አንድ የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ ብቻ መርጦ ስፌት በስፌት ሳላት። ሙሉ መሶብ አልሳለም። ለመመዝገብ ትንሽ ቦታ በጥልቀት መሳል ሙሉውን በጥድፊያ ከመሳል ይበልጣል።

ቀጥሎ ሙከራ። ስስ ወረቀት ክዳኑ ላይ ዘርግቶ በሰም ቀለም ጎን አሸው። የገመዱ ዙር ወጣ። ላዩ ላይ ቀጭን ጥቁር ቀለም አፈሰሰበት፤ ሰም ያለበት ቦታ ቀለሙን አልቀበል አለ፤ ዙሩ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ካርቶን ላይ ሲባጎ እያዞረ በፒቪኤ ሙጫ ለጠፈ፤ ሲደርቅ በሮለር ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ አተመ። የመጀመሪያው እትም ጭቃ ሆነ፤ ሲባጎው ወፍራም ነበር፣ ሙጫውም በዝቶ ክፍተቱን ሞልቶታል። በስፌት ክር ደገመው። ወጣ። ሁለቱም እትሞች ጎን ለጎን ተለጠፉ፣ ምክንያቱም ተጻፈ።

እናቱን ጠየቃት። ይህ የእኔ ሐሳብ አልነበረም። ስለ ስንደዶና አክርማ፣ ስለ ወስፌው፣ አያቱ ሣሩን ለማለስለስ ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚዘፈዝፉት ነገረችው። እያወራች እጇ በባዶው ይሰፋ ነበር። እጇን ፎቶ አነሳው። ከዚያ ከፎቶው በከሰል ሳለው። በሥራው ሁሉ ውስጥ እኔ ከሁሉም የምወደው ገጽ ያ ነው።

ለመጨረሻው ሥራ መሳቢያ ውስጥ የተከማቹ የሞቱ ቻርጀሮች ገመድ ሰበሰበ። ክብ ጣውላ ላይ እያዞረ፣ በባለ ቀለም ክር እያሰረ፣ አልማዙን ደረጃ በደረጃ አወጣው። ፒክስል ያላት ቃል ወደ ቻርጀር ወሰደችው ማለት ነው። እዚህ ላይ ሐሳቡ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አራሚው ማንንም ሳይጠይቅ ያነበዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እናትየው ስፌት ስለምትችል «ቆይ እኔ ላስተካክልልህ» ማለት ጀምራ ነበር። አይሆንም። ተማሪው ሥራው የራሱ ስለመሆኑ ይፈርማል። እጃችሁን ፎቶ ያንሳው፤ እጃችሁ ግን ሥራው ውስጥ አይግባ።

ስለ ሌሎች ሠዓሊዎች የሚሠራው ገጽ

ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። የሠዓሊውን ፎቶ ያትማል፤ መቼ እንደተወለደ ከዊኪፔዲያ ይገለብጣል፤ ዙሪያውን ያስጌጣል። ይህ ገጽ ምንም አያመጣም።

ነጥብ የሚያመጣው እንዲህ ነው። አንድ ሥራ ብቻ ይመረጥ። ከእሱ ላይ ትንሽ ቁራጭ በእጅ ተገልብጦ ይሳል፣ አሠራሩ እንዲገባ። ከዚያ «ምን አድርጓል? እኔስ ከእሱ ምን እወስዳለሁ?» ተብሎ ይጻፍ። በመጨረሻ የራስ ነገር በእሱ ዘዴ ይሞከር። ለመሶቡ ልጅ ኤልያስ ስሜ ነበር የተመረጠው። ኤልያስ አዲስ አበባ ውስጥ የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮምፒውተር ክፍሎችን ከመርካቶ እየሰበሰበ በጣውላ ላይ ይገጣጥማል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላል። ሲጠጉት ሽቦ ነው። ልጁ የወሰደው ያንን ነው፤ ከሩቅ ሌላ፣ ከቅርብ ሌላ።

ከእኛ ሠዓሊዎች ለትምህርት ቤት ሥራ የሚመቹ ሌሎችም አሉ። ፎቶግራፍ ለመረጡ አይዳ ሙሉነህ ናት። ፊት ላይ የሚቀባ ቀለም፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለ አቋቋም፤ ቤት ውስጥ በአንሶላና በፊት ቀለም ሊሞከር ይችላል። ስለ ከተማና ስለ ስደት ለሚሠሩ፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ። የሕንፃ ንድፍ በንድፍ ላይ ትደራርባለች፣ ከላይ በእጇ ትጭራለች። ሰው መሳል ለሚወዱ የታደሰ መስፍን የገበያ ሴቶች። ጌጥና መስመር ለሚወዱ ደግሞ ከየትኛውም ዘመናዊ ሠዓሊ በፊት የብራና መጻሕፍት ሐረግ። መስመሩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በእርሳስ ተከታተሉት፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ግን ሐበሻ ብቻ አትምረጡ። አንድ ከሌላ አገር ጨምሩ፣ ንጽጽር እንዲኖር። ለመሶቡ ሥራ ጋናዊው ኤል አናትሱይ ገባ። የጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እየሰፋ ግድግዳ የሚያለብስ ትልቅ ጨርቅ የሚመስል ነገር ይሠራል። ሁለቱ ሠዓሊዎች ለምን የተጣለ ዕቃ እንደመረጡ ማወዳደር ራሱ አንድ ገጽ ነው።

ሥራውን በዓይን ማየት ከስክሪን ይለያል። ለንደን ያሉት ትልልቅ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸው በነፃ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 66 የኢትዮጵያና የኮፕቲክ ግብፅ ነው። ቪኤንድኤ (ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም) ደግሞ የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ የዘረፈው ዘውድና ጽዋ አለው። ከመሄዳችሁ በፊት ለእይታ መውጣቱን ድረ ገጻቸው ላይ እዩ። እርሳስና ስኬችቡክ ይዛችሁ ግቡ። ዘውዱ ፊት ቆመው ልጆች ይናደዳሉ። ይናደዱ። ንዴቱ ስኬችቡኩ ላይ ይውጣ። «ይህ ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ይዞ የሄደ ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚስል ልጅ የሚበልጥ ሥራ ይዞ ይመጣል።

እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ

በቅርብ የመጣችሁ ልጆች «ሥዕል እንግሊዝኛ አይፈልግም» ተብላችሁ ሊሆን ይችላል። ግማሽ እውነት ነው። ድርሰት አይጠየቅም። ማስታወሻ ግን በየገጹ ያስፈልጋል፣ በእንግሊዝኛ።

መፍትሔው ሦስት ጥያቄ ነው። ምን ተጠቀምኩ? ምን ሆነ? ቀጥዬ ምን እቀይራለሁ? መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት። «ቀለሙን በስፖንጅ ቀባሁ። ጠርዙ ደበዘዘ። ቀጥዬ በጠንካራ ብሩሽ እሞክራለሁ።» ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ፣ በዚያው አጭር ዓረፍተ ነገር። ረጅም ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቃችሁም። «ቆንጆ ነው፣ ወደድኩት» የሚለውን ግን በየትኛውም ቋንቋ አትጻፉ። ቶን፣ ቴክስቸር፣ ኮምፖዚሽን፣ ኮንትራስት፣ እነዚህን የመሰሉ አሥር የሚሆኑ የሙያ ቃላት ያዙና በትክክለኛው ቦታ ተጠቀሙባቸው። የሚበቃችሁ እሱ ነው።

የአማርኛ ፊደል ሥራው ውስጥ ማስገባት ይቻላል? ይቻላል፣ ምክንያት ካለው። ባዶ ቦታ ለመሙላት ሀ ሁ ሂ መበተን ግን ያታክታል።

ዕቃና ቦታ

ብዙ ገንዘብ አታውጡ። 2ቢ፣ 4ቢና 6ቢ እርሳስ፣ የሚለጠጥ ላጲስ፣ አንድ ጥቁር ፋይንላይነር፣ ሙጫ፣ መቀስ። ሌላው ትምህርት ቤት አለ። የ72 ቀለም ሳጥን የሚገዛ ወላጅ አያለሁ፤ ልጁ ከሦስቱ በላይ አይነካም። አቅም ካነሰ መምህሩን ጠይቁ፤ አትፈሩ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጆች ትምህርት ቤቱ ፒዩፒል ፕሪሚየም የሚባል ተጨማሪ ገንዘብ ከመንግሥት ያገኛል። ጥያቄያችሁ ልመና አይደለም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚቸግረው ቦታ ነው። ጠባብ ፍላት ውስጥ የምግብ ጠረጴዛው ነው ስቱዲዮው። አንድ ሰፊ ካርቶን ግዙና ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ይሁን፤ እራት ሲቀርብ ካርቶኑ እንዳለ ይነሳና ሶፋ ሥር ይገባል። ሽሮ የነካው ኤ3 ወረቀት በየዓመቱ ይመጣልኛል። አንዱ ልጅ እንዲያውም «ሙከራ ነው» ብሎ ማስታወሻ ጽፎበት ነበር። ለብልጠቱ አደነቅኩት።

ከጥር በኋላ

የፈተናው ወረቀት ዪር 11 ላይ በፈረንጆቹ ጥር 2 ጀምሮ ለተማሪ መስጠት ይቻላል። የኤኪውኤው ብዙ የርዕስ ምርጫዎች አሉት፤ ልጁ አንዱን ይወስዳል። ብዙ ልጆች የተሳሳተ ርዕስ የሚወስዱት የመጀመሪያውን ቀን ስለሚወስኑ ነው። ለሁለት ሦስት ርዕሶች በአንድ በአንድ ገጽ ላይ ሐሳብ ይበተን። ቤት ውስጥ፣ በእጅ የሚነካ ዕቃ ያለው ርዕስ ያሸንፋል። «ነፃነት» ብሎ ወፍ ከመሳል «የተዘጉ ነገሮች» ብሎ ከአገር ቤት የመጣ ሻንጣ መሳል ይሻላል። ሻንጣው ቤት አለ፣ ወፉ የለም።

ከዚያ የዝግጅት ሳምንታት ናቸው። ሥራው ከፖርትፎሊዮው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ማየት፣ መሞከር፣ መመዝገብ፣ በአጭር ጊዜ። ከዚያ የ10 ሰዓቱ ፈተና ይመጣል፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት በሁለት ቀን ይከፍለዋል። ሰዓቱ ከጀመረ በኋላ የዝግጅት ሥራው ላይ አንዲት መስመር መጨመር አይቻልም። ማየት ይቻላል፤ መንካት የለም። መምህሩም ምክር መስጠት አይችልም። ስለዚህ ያልተለጠፈ ፎቶ፣ ያልተጻፈ ማስታወሻ ካለ ከዋዜማው በፊት ይለቅ። ዋዜማው ራሱ ለእንቅልፍ ነው።

ለ10 ሰዓቱ ዕቅድ በወረቀት ይጻፍ። የመጨረሻው ሥራ በትንሹ፣ በኤ5 መጠን፣ ከዚያ በፊት ተሠርቶ መታየት አለበት። ቀለሙ፣ አቀማመጡ ሁሉ ያኔ ይወሰናል። የመጀመሪያው ሰዓት ለንድፍ። የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ ባዶ ነጭ ወረቀት መታየት የለበትም፤ ትልልቁ ቦታ ሁሉ ተሸፍኖ፣ ዳራውም ጭምር፣ ማደር አለበት። ዳራን ለመጨረሻ የሚያቆዩ ልጆች በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ሰማያዊ ቀለም በስፖንጅ ሲደፉ አያለሁ፤ ያሳዝኑኛል፣ ግን አፌን መክፈት አልችልም። ዝርዝሩ ለሁለተኛው ቀን ነው። በሁለት ቀን የማይደርቅ ቀለም አይታሰብም። ዘይት ቀለም ማለቴ ነው።

ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚውለው በበልጉ ስለሆነ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ረመዳን ላይ። ቀኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ እየጾመ የሚፈተን ከሆነ ከባዱን ሥራ ለጠዋቱ ሰዓት ያድርገው። ከመምህሩ ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እነሱ ያውቁታል፣ ግን ካልነገራችኋቸው ማን እንደሚጾም በምን ያውቃሉ?

ስለ ኤአይ በአጭሩ። በማሽን የተሠራ ምስል የራስ ነው ብሎ ማቅረብ ማጭበርበር ተብሎ ይያዛል፣ ውጤትም ያሰርዛል። ከተጠቀመበት ከየት እንዳመጣው ይጻፍ። ፒንተረስትም ያው ነው፤ ከሌላ ሰው የተወሰደ ምስል ሁሉ አጠገቡ የማን እንደሆነ ይጻፍበት።

ሥራውን መጀመሪያ የሚያርሙት የትምህርት ቤቱ መምህራን ናቸው። ከዚያ ከፈታኙ ድርጅት አመሳካሪ ይመጣና ናሙና ያያል። እኔም በዚያ ሰሞን ሥራውን ሁሉ ስሰቅልና ሳወርድ እከርማለሁ።

ውጤቱ በነሐሴ ከወጣ በኋላ ሥራው ትምህርት ቤት ይቆያል፣ የይግባኝ ጊዜ እስኪያልፍ። በመከር ኑና ውሰዱ ተብሎ ኢሜይል ይላካል። ሐበሻ ወላጅ ይህን ኢሜይል አያነብም። ከዚያ በኋላ ቦታ ስለሚያስፈልገን ያልተወሰደው ይጣላል፤ ጣይዋ እኔ ነኝ። ለኤ ሌቨልም ሆነ ለአርክቴክቸር ፖርትፎሊዮ የሚያስፈልጋችሁ ያው ሥራ ነው። ኤ1 ፎልደር አውቶቡስ በር ላይ ይጣበቃል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ መኪና ያለው ዘመድ ይዛችሁ ኑ።